ማታ ማታ ተጨማሪ ስራ የምትሰሩ፣ በሰዓት ስንት እንደሚደርሳችሁ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ?

የማታ_ደብተር

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ጽሁፍ ነው፣ ታገሱኝ።

ቀን ቀን ቢሮ ነው የምሰራው። ደመወዜ ወሩን ስለማያደርሰኝ ከዓመት ተኩል በፊት ማታ ማታ ሌላ ስራ ጀመርኩ። ለአነስተኛ ነጋዴዎች የገቢና ወጪ መዝገብ በኤክሴል አዘጋጃለሁ። እነሱ ደረሰኛቸውን በስልክ ፎቶ አንስተው ይልኩልኛል፣ እኔ በየፈርጁ አስገብቼ በወሩ መጨረሻ ምን እንደተረፋቸው አሳያቸዋለሁ። ለምን ይሄን መረጥክ ብትሉኝ፣ ከድሮም ሰው «እስቲ ይሄን እየው፣ ሂሳቡ አልመጣልኝም» እያለ በነጻ የሚያሰራኝ ይሄንኑ ስለነበረ ነው። አዲስ ነገር አልተማርኩም። በነጻ የምሰራውን በዋጋ መስራት ጀመርኩ፣ በቃ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምክንያቱም ገንዘብ ይገባል። ድካሙ ግን ከገንዘቡ ጋር አልመጣጠንልህ አለኝ። አንድ ማታ ደብተር አወጣሁና ገጹን መሃል ለመሃል አሰመርኩት። በግራ በኩል ደንበኛው የሚከፍልበትን ሰዓት፣ በቀኝ በኩል ማንም የማይከፍለውን ሰዓት መጻፍ ጀመርኩ። በስልክ ማስረዳት፣ «ያቺን ቁጥር ደግሞ ቀይርልኝ»፣ የደበዘዘ ፎቶ እንደገና አስልኮ መጠበቅ፣ ክፍያ መለመን፣ ሁሉም በቀኝ። ወሩ አልቆ ስደምረው ቀኙ ከግራው እኩል ሆኖ አገኘሁት።

በቁጥር ላሳያችሁ። አንድ ስራ በ400 ተስማማሁ እንበል፣ ገንዘቡ የየትኛውም አገር ይሁን። 4 ሰዓት ይፈጃል ብዬ ነው፣ ማለትም በሰዓት 100። ስራው ከመጀመሩ በፊት በንግግር 1 ሰዓት ተኩል ሄደ። ስራው ራሱ 4። ማስተካከያው 2። ክፍያ መከታተል ግማሽ። ድምሩ 8 ሰዓት። 100 ያልኩት 50 ሆነ። ያው ስራ በኦንላይን መድረክ በኩል መጥቶ 20 በመቶ ቢቆረጥበት ደግሞ 320 ለ8 ሰዓት ነው፣ 40።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ገቢዬ የሚጨምረው ብዙ ደንበኛ ሲመጣ ሳይሆን የቀኙ ዓምድ ሲያጥር ነው። ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ሦስት ነገር ብቻ ነው። ግማሹን ክፍያ ቀድሜ እቀበላለሁ። ማስተካከያ እስከ 2 ጊዜ ነው፣ ከዚያ በላይ ይከፈልበታል። ፎቶ እንዴት እንደሚነሳ አንድ ጊዜ ጽፌ ለሁሉም ደንበኛ እሱን እልካለሁ። ዋጋዬን ሳልነካ በሰዓት የሚደርሰኝ ከ50 ወደ 75 ገደማ ወጣ።

እናንተ ምን ትሰራላችሁ? ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? በእውነት መስማት እፈልጋለሁ።

ባለመቀስ

ወንድሜ ተባረክ። የኔ ስራ ከአንተ ጋር ባይገናኝም ነገሩ ያው ነው።

ቤቴ ውስጥ ልብስ አስተካክላለሁ። ሱሪ ማሳጠር፣ ወገብ ማጥበብ፣ ዚፕ መቀየር። አዲስ ልብስ አልሰፋም። ልኬት፣ ጨርቅ መምረጥ፣ «እጅጌው እንደዚህ አልነበረም ያልኩሽ» የሚባለው ጭቅጭቅ፣ ያ ሁሉ አንተ ቀኝ ዓምድ ያልከው ነው። ማስተካከያ ግን አጭር ስራ ነው። ሰው ያመጣል፣ እለካለሁ፣ ይሄዳል።

እኔን ያሳደገኝ የጂንስ ሱሪ ነው ማለት እችላለሁ። ብዙ ሰፊ ጫፉን ይቆርጥና እንደገና አጥፎ ይሰፋዋል። የፋብሪካው ጠርዝ ግን ያ ፈዘዝ ያለ መልክ አለው፣ ሰው ያንን ይወደዋል። ስለዚህ እኔ ጠርዙን አልቆርጠውም። ጠርዙን ሳልቆጥር የሚያጥረውን ግማሽ ያህል ወደ ውጭ አጥፌ፣ ከድሮው ጠርዝ ስር ጥግ ጥጉን ሰፍቼ፣ ትርፉን ወደ ውስጥ እገለብጠዋለሁ። ከተተኮሰ በኋላ እንዳጠረ አይታወቅም። መርፌው የጂንስ መርፌ፣ 100 ቁጥር መሆን አለበት። በቀጭን መርፌ ስፌቱ ይዘላል፣ የጎኑ ስፌት ጋ ስትደርሱ ደግሞ መርፌው ይሰበራል። ለዚህ አሰራር ከተራው ማሳጠር አንድ ተኩል እጥፍ አስከፍላለሁ፣ ሰውም አያጉረመርምም።

ሰዓቴን የሚበላው ምን እንደነበረ ልንገርህ? ስፌቱ አልነበረም። ክር መቀየር ነበር። አንድ ጥቁር ሱሪ፣ አንድ ነጭ ሸሚዝ፣ ከዚያ ደግሞ ጥቁር ቀሚስ፣ በመጣበት ቅደም ተከተል ስሰራ ላይኛውንም ታችኛውንም ክር ስቀያይር ነበር የምውለው። አሁን ሳምንቱን ሙሉ እቀበልና ቅዳሜ ጠዋት በክር ቀለም እደረድራቸዋለሁ። ጥቁሩ ሁሉ መጀመሪያ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ነጩ መጨረሻ። ድሮ ቀኑን ሙሉ ይፈጅብኝ የነበረው አሁን እስከ ምሳ ሰዓት ያልቃል።

ሁለት_ፈረቃ

ሁላችሁንም አከብራለሁ፣ ግን እኔ ሌላ ነገር ልበል። ሰው ደክሞታል። ተጨማሪ ስራ ከመፈለጋችሁ በፊት ያላችሁበትን ስራ እዩት። የደመወዝ ጭማሪ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ትርፍ ሰዓት ሰርታችሁ በትክክል ተከፍሏችኋል?

የዓለም የስራ ድርጅት ገና በመጀመሪያው ስምምነቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1919፣ ለኢንዱስትሪ ሰራተኞች በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ብሎ ወሰነ፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያም ከመደበኛው ቢያንስ በሩብ መብለጥ አለበት አለ። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነ ነገር ነው። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ትርፍ ሰዓቴ በመደበኛው ሂሳብ ሲከፈለኝ ዝም ብዬ ስቀበል ነበር። ውሌን አውጥቼ ያነበብኩት የስራ ባልደረባዬ ሲነግረኝ ነው። ያመለከትኩት በጽሁፍ ነው፣ የሰራሁበትን ቀንና ሰዓት ዘርዝሬ። ተስተካከለልኝ። አንድም አዲስ ደንበኛ ሳልፈልግ ወርሃዊ ገቢዬ ከፍ አለ።

የማታ_ደብተር

@ሁለት_ፈረቃ እውነትህን ነው፣ ይሄን መጀመሪያ ላይ መጻፍ ነበረብኝ። ሰው መጀመሪያ የዋናውን ስራ ቢያይ ይሻለዋል። ቀድሞ የሚያውቅህ አሰሪ ስለሆነ ደንበኛ ማሳመን የሚባለው ጣጣ የለም። ጭማሪ ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው ግን ኑሮ ተወደደ ብሎ ባይጀምር ጥሩ ነው። ባለፈው ዓመት ምን ጨምሮ እንደሰራ፣ የማን ስራ ወደ እሱ እንደዞረ፣ ያንን ጽፎ ይግባ። እኔ ጠይቄ በጀት የለም ተባልኩ፣ ከዚያ ነው ወደ ማታው የሄድኩት።

@ባለመቀስ በክር ቀለም መደርደሩ በጣም ነው የወደድኩት። እኔም የሁሉንም ደንበኛ ደረሰኝ በአንድ ማታ፣ ሰንጠረዡን በሌላ ማታ ማድረግ ልሞክር ነው።

ተበልቻለሁ

ስሜን ይሄን ያደረግኩት እዚህ ለመጻፍ ብዬ ነው፣ ሌላው ሰው እንዳይበላ።

በስልክ መልእክት መጣልኝ። ከቤት ሆነሽ ቪዲዮ ላይክ እያደረግሽ ትከፈያለሽ ይላል። የመጀመሪያው ቀን በእውነት ከፈሉኝ፣ ትንሽ ነገር ናት። በሁለተኛው ቀንም ከፈሉኝ። በሦስተኛው ቀን «ደረጃሽ ከፍ ብሏል፣ ትልቁ ስራ እንዲከፈትልሽ ይሄን ያህል አስገቢ» አሉኝ። አስገባሁ። በስክሪኑ ላይ ገንዘቤ ሲጨምር ይታየኛል፣ ላወጣው ስል ግን መጀመሪያ ግብር ክፈይ፣ ቀጥሎ የማስከፈቻ፣ ቀጥሎ ስህተት ስለሰራሽ ቅጣት። የሦስት ወር ቁጠባዬ ሄደ። ለባለቤቴ ለመናገር ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

እህቶቼ ወንድሞቼ፣ ለመስራት መጀመሪያ ክፈሉ የሚላችሁ ስራ አይደለም። አሰሪ ነው የሚከፍለው። መጀመሪያ ላይ የሚሰጧችሁ ትንሿ ገንዘብ ማጥመጃ ናት። ሰው በሚያየው ቡድን ውስጥ «እኔ ዛሬ ይሄን ያህል አወጣሁ» እያሉ የሚጽፉትም የነሱው ሰዎች ናቸው።

ቀመር

@ተበልቻለሁ ስለጻፍሽ እናመሰግናለን፣ ቀላል አይደለም። ጥፋቱ የነሱ ነው፣ ያንቺ አይደለም።

ሁለት ዓይነት ደግሞ እኔ ልጨምር። አንደኛው፣ ደንበኛ ነኝ ብሎ ከተስማማችሁበት በላይ የሆነ ቼክ ይልካል፣ «በስህተት ነው፣ ትርፉን መልስልኝ» ይላል። ትመልሳላችሁ። ቼኩ ከቀናት በኋላ ደረቅ ሆኖ ይመለሳል፣ የመለሳችሁት ግን ከኪሳችሁ ወጥቷል።

ሁለተኛው ደግሞ «ከፍላችሁ ግቡ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ባስገባችሁ ቁጥር ትከፈላላችሁ» የሚለው ነው። ሂሳቡን በወረቀት ስሩት። አንድ ሰው 6 ሰው ያስገባል፣ እያንዳንዳቸው 6 ያስገባሉ። በ4ኛው ዙር 1,296 ናቸው። በ8ኛው ከ1.6 ሚሊዮን በላይ። በ13ኛው ዙር ብቻ ከ13 ቢሊዮን በላይ ሰው ያስፈልጋል፣ ዓለም ላይ ያለነው ደግሞ 8 ቢሊዮን ገደማ ነን። ስለዚህ መቆሙ አይቀርም፣ ሲቆም ደግሞ ከታች ያለው፣ ማለትም አብዛኛው ሰው፣ የከፈለውን አጥቶ ይቀራል። ዕቃ ቢኖረውም መጠየቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ነው፦ ገንዘቡ የሚመጣው ዕቃውን ለሚጠቀም ሰው ከመሸጥ ነው ወይስ አዲስ ሰው ከማስገባት?

መምህር_ነኝ

ልጆች፣ ጥሩ ውይይት ነው። እኔ ለረጅም ዓመታት ሒሳብ አስተምሬያለሁ፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭም አስጠናለሁ።

ለብቻው የሚጠና ተማሪ በሰዓት 100 ይከፍላል እንበል። አራት ተማሪ አንድ ላይ ባስጠና እና እያንዳንዳቸው 40 ቢከፍሉ፣ ለወላጅ ከግማሽ በታች ሆነ፣ ለእኔ ደግሞ 160 ሆነ። ሰዓቷ ያችው አንድ ሰዓት ናት። ነገር ግን አራቱ በአንድ ደረጃ ላይ መሆን አለባቸው። ክፍልፋይ ያልገባውንና እኩልታ የሚፈታውን አንድ ላይ ካስቀመጣችሁ ሁለቱም አይማሩም፣ ወላጅም በወሩ ያስወጣዋል። ስለዚህ ከመቀበሌ በፊት 10 ጥያቄ ያላት አንዲት ወረቀት አስሞላለሁ። 15 ደቂቃ ነው የምትፈጀው። የት ላይ እንደሚሰናከል ወዲያው ይታያል።

ሌላው፣ ክፍያ በወሩ መጀመሪያ ነው። ልጁ ከቀረ በዋዜማው እስካላሳወቁኝ ድረስ ሰዓቱ ይቆጠራል። ይህን በመጀመሪያው ቀን በትህትና እናገራለሁ፣ ቅር ያለው ወላጅ እስካሁን አልገጠመኝም። ቅሬታ የሚመጣው ሳይነገር ቀርቶ በኋላ ሲጠየቅ ነው።

ጀማሪዋ

መምህር አመሰግናለሁ፣ እርስዎ የጻፉትን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። እኔ ግን ከቤት መውጣት አልችልም፣ ሰውም ቤቴ መቀበል አልችልም። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ። ነጻ የምሆነው ሲተኙ ነው፣ እሱም አንዱ ከተነሳ ይቋረጣል። ኮምፒውተር አለኝ፣ በፍጥነት እጽፋለሁ። ዩቲዩብ ጀምሪ የሚሉኝ አሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ባለ_ጆሮ_ማዳመጫ

እህቴ፣ ዩቲዩብ ጊዜ ካለሽ ጥሩ ነው፣ ለዘንድሮ ወጪ ግን አትቁጠሪበት። ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የታየ ሰዓት ይጠይቃል፣ ወይ ደግሞ በአጫጭር ቪዲዮ በ90 ቀን 10 ሚሊዮን እይታ። 4,000 ሰዓት ማለት 240,000 ደቂቃ ነው። አንድ ሰው በአማካይ 3 ደቂቃ ቢያይልሽ 80,000 ጊዜ መታየት አለበት። እዚያ እስክትደርሺ የምትሰሪው ሁሉ የማይከፈልበት ነው። ፋይቨር ላይም (ሰው ሙያውን በኢንተርኔት የሚሸጥበት መድረክ ነው) ቢሆን ከምታገኚው 20 በመቶው ለመድረኩ ነው፣ ዋጋ ስታወጪ እሱን ቀድመሽ አስቢው።

ላንቺ የሚሆነው ድምጽ ወደ ጽሁፍ መገልበጥ ይመስለኛል። ቃለ መጠይቅ፣ ስብሰባ፣ ትምህርት፣ የቪዲዮ የግርጌ ጽሁፍ። ልጅ ሲነሳ ማቆሚያውን ትጫኛለሽ፣ ስትመለሺ እዚያው ትቀጥያለሽ። ማንም ስልክ ላይ አይጠብቅሽም። እኔ አራት ዓመት ሰርቼበታለሁ። አሁን ማሽን ብዙውን ይገለብጠዋል፣ እውነት ነው። ግን ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲናገር፣ የሰው ስም፣ ቁጥር፣ ጫጫታ ያለበት ቅጂ፣ እዚያ ላይ ይሳሳታል። ስለዚህ ማሽን የገለበጠውን የማረም ስራም አለ።

ዋጋው ላይ ጥንቃቄ አድርጊ። የ1 ሰዓት ቅጂ ለለመደ ሰው 4 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ለጀማሪ 6 ወይም 7። ደንበኛው «አንድ ሰዓት ነው» ሲልሽ የአንድ ሰዓት ስራ እንዳይመስልሽ። በድምጹ ደቂቃ ነው ዋጋ የሚወጣው። ከመስማማትሽ በፊት ደግሞ ቅጂውን ከመሃሉ 2 ደቂቃ ስሚው፣ ከመጀመሪያው አይደለም፣ መጀመሪያው ላይ ሁሉም ሰው ጥርት አድርጎ ነው የሚናገረው።

ሁለት_ፈረቃ

@ጀማሪዋ ጥያቄሽ ለኔም ጠቅሞኛል። ለሌሎቻችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ተቀጥራችሁ የምትሰሩ ከሆነ ውላችሁን አንብቡ። አንዳንዱ ውል ሌላ ስራ ይከለክላል፣ አንዳንዱ በተመሳሳይ ዘርፍ ብቻ፣ አንዳንዱ አሳውቁን ይላል። በመስሪያ ቤት ኮምፒውተር የግል ስራ አትስሩ፣ የመስሪያ ቤቱን ደንበኛም ወደ ራሳችሁ አትሳቡ። በዚህ ምክንያት ስራውን ያጣ ሰው አውቃለሁ። ተጨማሪው ገቢ የደመወዙን ሩብ አይሞላም ነበር፣ የሄደው ግን ሙሉው ደመወዝ ነው።

ባለመቀስ

ግብሩንም አትርሱ። ገቢው ሲገባ የተወሰነውን ወዲያው ለብቻው አስቀምጡ። ዓመቱ ሲያልቅ ከየት አመጣለሁ ማለት በጣም ያስጨንቃል፣ ደርሶብኛል።

@የማታ_ደብተር አንድ ጥያቄ አለኝ። ዋጋ መጨመር ፈልጌ ሁለት ወር ሆነኝ፣ አፌ ግን አልደፍር አለ። ደንበኞቼ ጎረቤቶቼ ናቸው። አንተ እንዴት አደረግክ?

የማታ_ደብተር

እኔም ከብዶኝ ነበር። ከአዲስ ደንበኛ ጀመርኩ። አዲሱ ሰው የድሮውን ዋጋ አያውቀውም፣ ስለዚህ አዲሱን ስነግረው ድምጼ አልተንቀጠቀጠም። አምስት አዲስ ሰው በአዲሱ ዋጋ ሲስማማ ዋጋው ትክክል እንደሆነ አመንኩ። ከዚያ ለነባሮቹ ከአንድ ወር በፊት በጽሁፍ ነገርኳቸው፦ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ዋጋው ይሄ ነው፣ እስከዚያ የምታመጡት በድሮው ይሰራል። ምክንያት አልደረደርኩም። ከ9 ደንበኛ 2ቱ ትተውኝ ሄዱ። ገቢዬ አልቀነሰም፣ ማታዬ ግን በሳምንት ሁለት ሰዓት ሰፋ።

ሰዓቱን በተመለከተ ደግሞ፣ ሳምንት 168 ሰዓት ነው። 40 ለስራ፣ 56 ለእንቅልፍ ብትሉ 72 ይቀራል። መንገድ፣ ምግብ፣ ቤት፣ ቤተሰብ ሲወጣለት እኔ ጋ የሚተርፈው 15 ገደማ ነው። ከሱ 10 ብቻ ነው የምወስደው። 10 ሰዓት በሳምንት፣ በወር 40 ሰዓት ነው፣ አንድ ሙሉ የስራ ሳምንት ማለት ነው። ከእንቅልፌ መውሰድ ሞክሬ ነበር። በሁለተኛው ወር የአንዱን ደንበኛ ሂሳብ በሌላው ሰንጠረዥ ውስጥ አስገብቼ ላክሁ። ይቅርታ ጠይቄ በነጻ እንደገና ሰራሁት፣ ስድስት ሰዓት።

መምህር_ነኝ

@ባለመቀስ የኔ ልጅ፣ ጎረቤት ነው ብለሽ አትፍሪ። የጂንሱን ጠርዝ የምትጠብቂበትን አሰራር መጀመሪያ በአዲሱ ዋጋ አድርጊው፣ ተራውን ማሳጠር ለጊዜው በድሮው ተይው። ጎረቤትሽ የሚመርጠው ነገር ይኖረዋል።

ባለመቀስ

መምህር፣ ይሄ አልታሰበኝም ነበር። እርስዎን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለቅዳሜ ደንበኞች እነግራቸዋለሁ።

ጀማሪዋ

ሞከርኩ! ትናንት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የአንድ ቃለ መጠይቅ 10 ደቂቃ ወስጄ ገለበጥኩ። ሰዓት ይዤ ነው የሰራሁት፣ ልጄ የተነሳበትን አውጥቼ። 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ፈጀብኝ። ብዙ ነው አይደል? ደብተር ገዝቼ መሃሉን አስምሬያለሁ።

ባለ_ጆሮ_ማዳመጫ

አይደለም፣ ለመጀመሪያ ቀን ደህና ነው። 7 እጥፍ መሆኑ ነው፣ እኔ ስጀምር ከዚያ በላይ ነበርኩ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ድምጹን የምታቆሚው በማውስ ነው?

ጀማሪዋ

አዎ፣ በማውስ።

ባለ_ጆሮ_ማዳመጫ

እሱ ነው የበላሽ። ማቆሚያውንና 3 ሰከንድ ወደ ኋላ መመለሻውን በኪቦርድ ቁልፍ አድርጊው፣ እጅሽ ከፊደሉ ላይ አይነሳም። ፍጥነቱንም ወደ 0.75 አውርጂው፣ የምታቆሚበት ብዛት ይቀንሳል። ያንኑ ቃለ መጠይቅ ቀጣዩን 10 ደቂቃ ውሰጂ፣ ተናጋሪው ካልተቀየረ ነው ማወዳደር የሚቻለው።

ጀማሪዋ

እሺ፣ ቁልፎቹን አሁን አስተካከልኩ። ትንሹ ገና አልተኛም። ማታ ሰርቼ ስንት ደቂቃ እንደፈጀብኝ እዚሁ እጽፋለሁ።